እግሩ የተቆረጠው ባንኮኒ

ዋንዛ ሲላግ የሚሰጠውን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ትንሽ ማር ማር፣ ትንሽ ዝናብ የነካው አፈር አፈር ይላል። ባለፈው ቅዳሜ አማቼ ስንሻው በባጃጅ አሳፍሮ ፔዳ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ወዳለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ወሰደኝ። ከበሩ ገና ሳልገባ ሽታው ተቀበለኝ፤ ሰጋቱራው ላይ እግሬን ሳሳርፍ ደግሞ ወደ ጉልምስናዬ የተመለስሁ መሰለኝ። ስንሻው አዲስ ቤት ሠርቶ ጨርሷል። ጣሪያው ተመትቷል፣ ወለሉ ተነጥፏል፣ የቀረው ሳሎኑ ውስጥ የሚቆም ባንኮኒ ነው፤ መጠጥ ቤት ያለው ዓይነት፣ ከፊቱ ወንበር፣ ከኋላው መደርደሪያ ያለው። አናጢው ወጣት ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች ያሠሩትን ከስልኩ ላይ እያገላበጠ አሳየን። በመጨረሻ ሜትሩን ከኪሱ መዘዘና፣ “ጋሼ፣ ከፍታውን ምን ያህል ላድርገው?” አለ። ስንሻው ወደ እኔ ዞረ። “እኔን አትጠይቀኝ፤ የባንኮኒ አዋቂ እሳቸው ናቸው” አለና ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ አውቃታለሁ። ልጄን ካጨ ጀምሮ ይዟት ኖሯል። ፊቴ ላይ ስቆ አያውቅም፤ ያችን ፈገግታ ግን ትቶ አያውቅም።

የራሴን ባንኮኒ በሠራሁበት ዘመን ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። የፈረቃ ፉጨት ሲነፋ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር የሚወጣው ብስክሌት በዘንባባዎቹ መካከል እንደ ክረምት ወንዝ ይፈስ ነበር። ሴቶቹ ሻሻቸውን አጥብቀው ያስራሉ፤ ቅንድባቸው ላይ ግን የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። ወንዱ ከታች ሰፋ ያለ ቴትሮን ሱሪ ይለብሳል፤ ከመተኮሱ የተነሳ ጠርዙ ሽንኩርት ይከትፋል። ሰንሰለት እንዳይበላው የሱሪውን ቀኝ እግር በልብስ መቆንጠጫ ይይዝና ደረቱን ነፍቶ ይነዳል። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ይጠቀለላል፤ በሁለት ብር የገዛኸውን ብቻህን አትጨርሰውም። ሻይ ቤቱ ሁሉ ቴፑን ወደ መንገድ አዙሮ ይከፍታል፤ የተወደደ ዘፈን ከሆነ ደግሞ ሁሉም እሱኑ ነው የሚከፍተው። አንደኛው ማዕዘን ላይ የሰማኸው አዝማች ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ይቀጥልልሃል፤ ቤትህ ስትደርስ ዘፈኑም ያልቃል። ዛሬ ሁሉም ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ለብቻው ይሰማል። ከጎረቤት ያልተካፈሉት ዘፈን ምኑ ዘፈን ነው እላለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል።

እኔ የፋብሪካው መካኒክ ነበርሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ፊደሉን ከደብር፣ ቁጥሩን ከማሽን መመሪያ፣ እንጨት ሥራውን ደግሞ የተሰበረ ወንበር ፈትቼ መልሼ በመግጠም ተማርሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው ሁለት ጠባይ አለው፤ የሠራውን ያከብራል፣ ሌላ ሰው ሲናገር አይሰማም። ሁለቱም ነበሩኝ፤ ባለቤቴ ይታይሽ ዛሬም አሉህ ትለኛለች።

መጠጥ ቤት አልወድም ነበር። መጠጥ አልወድም አላልሁም፤ ጥሩ አረቄ ከጥሩ ሰው ጋር የእግዜር ስጦታ ነው። የምጠላው ቤቱን ነው። ደመወዝ የተቀበለ አባወራ ልጆቹን አልፎ ሄዶ፣ የማያውቃት ሴት ቀድታለት፣ የማያውቀው ሰው አጨብጭቦለት፣ ሚስቱ የማታውቀውን ቀልድ ሲቀልድ ያመሻል። ሰው ልጆቹ ፊት የማይጠጣውን መጠጥ ውጭም ባይጠጣው ይሻለዋል፤ እንዲህ እያልሁ የሥራ ጓደኞቼን አሰለቻቸው ነበር። አንድ ቀን ማሽን ሊተክል የመጣ ፈረንጅ ቤቱ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶበት አስጠራኝ። ሳሎኑ ውስጥ ምን አየሁ? ባንኮኒ! ሰውየው ከኋላው ይቆማል፣ ሚስቱ ከፊቱ ትቀመጣለች፣ አንድ አንድ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ጠርሙሱን ይከድናል፤ በቃ። ቧንቧውን ሳጠብቅ ዓይኔ ባንኮኒው ላይ ነበር። የባሕር ዳር ወንድ ሁሉ መድኃኒት የተገኘ መሰለኝ።

ማታ ለይታይሽ ነገርኋት። “ለምን?” አለች። “ቤታችን ሱቅ ነው?”

“ሱቅ አይደለም። ሥርዓት ነው።”

“ጎረቤቱ ሁሉ ቡፌ ነው የሚያሠራው። ቡፌ ብትሠራልኝ ብርጭቆዬን እደረድርበት ነበር።”

“ቡፌ ለብርጭቆ ነው፤ ይህ ለሰው ነው” አልኋት። መልሴ ጥሩ ስለመሰለኝ ደገምሁላት።

ዋንዛውን ያገኘሁት ዱርቤቴ ከተማ አጠገብ ነው። ነፋስ የጣለው ትልቅ ዛፍ አለ ሲሉኝ ሄጄ ከባለቤቱ ጋር ተስማማሁ፤ ተሰንጥቆ በጭነት መኪና፣ ከድንች ጆንያ በላይ ተጭኖ መጣ። ጣውላው እርጥብ ስለነበረ አንድ ክረምት ሙሉ ከአልጋችን ሥር ተኝቶ ደረቀ። “ሦስተኛ ሰው አስገባህብኝ” እያለች ይታይሽ ታማርር ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ ማር ማር ሲሸት እሷም ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። ለውስጡ ማሽን የመጣበትን የሳጥን እንጨት ተጠቀምሁ፤ ዛሬም ባንኮኒውን ገልብጦ ያየ ሰው የፈረንጅ ፊደል ያነባል። መላጊያ ተዋስሁ፣ መሮ ገዛሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ፈግፍጌ ፊት የሚያሳይ አደረግሁት። የብርሌ ታች ክብ ስለሆነ እንዳይወድቅ ጣውላው ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ ፈለፈልሁለት። ከኋላው መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ መስተዋት ሰቀልሁ። በዚያ ዘመን ባዶ የፈረንጅ ጠርሙስ ለቅሞ ሻይ ሞልቶ የሚደረድር ሰው ነበረ። እኔ እንቢ አልሁ። ጠርሙስም ቢሆን መዋሸት የለበትም። ስለዚህ መደርደሪያዬ ላይ የነበረው አንድ ጠርሙስ የጎጃም አረቄ፣ ጠጅ፣ የሎሚ ጭማቂና የልጆች ሳል መድኃኒት ነበር።

ከፍታውን የለካሁት በራሴ ነው። ቀጥ ብዬ ቆምሁና ክርኔ የሚያርፍበት ላይ ምልክት አደረግሁ። ለእንግዶች እግራቸው ረጃጅም የሆኑ ሦስት ወንበሮች ሠራሁ። በመጨረሻም ወደ ባንኮኒው ኋላ መግቢያው ላይ፣ ከሥሩ ክፍት ሆኖ በማጠፊያ የሚነሳና የሚከደን ጣውላ ገጠምሁበት፤ ፈረንጁ ቤት እንደዚያ ነበረና። ይታይሽ ወንበሩ ላይ ለመውጣት አንድ ጊዜ ሞክራ ቀሚሷ ያዛት። “ታኬ” አለችኝ፣ ታከለ የተባለውን ስሜን ስትቆጣ እንዲህ ነው የምታሳጥረው፣ “ይህን ነገር ቁረጠውና ጠረጴዛ አድርገው።” አልሰማሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያ ልጃችን ውባለም ታይፕ ተምራ ቢሮ ገብታ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት በደጃችን ሲያልፍ የብስክሌት ደወሉን ሦስት ጊዜ የመደወል ልማድ ጀመረ። መንገዱ ላይ ሰውም ከብትም የለም፤ ደወሉ ግን ይጮኻል። ስንሻው ነበር። በጣና ላይ ያለችው የደቅ ደሴት ልጅ ነው፤ በታንኳ መጥቶ፣ እዚህ ተምሮ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ። በልቤ ወድጄዋለሁ። ደመወዝ በወጣ ማግስት ዓይኑ ቀልቶ አይቼው አላውቅም። ለማንም ግን አልተናገርሁም፤ ሴት ልጅ ያለው አባት ፊቱ የተዘጋ መጽሐፍ መሆን አለበት ብዬ አምን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ይታይሽ፣ “እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ይመጣል” አለችኝ። “አጎቱ መሪጌታ ፈንቴ ናቸው የሚመሩት። ከደቅ ድረስ ነው የሚመጡት፤ እንግዲህ በደንብ ተቀበላቸው። እኚህ ሰው ሁለተኛ አይለምኑም አሉ። ለታላቅ ወንድሙ ሚስት ሲጠይቁ፣ የልጂቱ አባት መልስ ቀዝቀዝ ቢልባቸው ታንኳቸውን አዙረው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ልጂቱም ቀረች፣ ልጁም ቀረ።”

“በመጀመሪያው ቀን እሺ አልልም” አልኋት። “ቤተ ዘመድ ላማክር እላለሁ፤ ቀጠሮ እሰጣለሁ። ወጉ ነው።”

“ወጉማ ነው። አስቀምጠህ፣ እህል አቅምሰህ ከሆነ ቀጠሮው ቀጠሮ ነው። አለዚያ ሰው ደጅ ላይ እንደ መመለስ ነው።”

“ባንኮኒው አለ አይደል?” አልሁ። እንዲያውም ያን እሑድ ሥራዬ እንዲመረቅ አሰብሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መከደኛውን ጣውላ የመጨረሻ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሰኔ ነው፣ ከጣና የሚነሳው እርጥበት ግድግዳውን ያላብበዋል። “አይደርቅም” አለች ይታይሽ። “ይደርቃል” አልሁ። ውባለም ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ያጠበችውን መልሳ መላልሳ ታጥባለች። ያኔ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ እሑዱ የባንኮኒው ሳይሆን የእሷ መሆኑ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን የማየው ቫርኒሹን ነበር።

እሑድ መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪጌታ ፈንቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መቋሚያቸውን ይዘው፣ አቶ ጎሹ የሚባል የፋብሪካችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ሌላ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ገብቼ፣ መከደኛውን ከድኜ፣ የተተኮሰ ሸሚዜን ለብሼ፣ ሁለት እጄን ጣውላው ላይ አሳርፌ ቆሜያለሁ። መስተዋቱ ጀርባዬን ያሳያል፤ ደስ ብሎኛል። “ኖር! ግቡ! ተቀመጡ!” አልሁ። እግዚአብሔር ያኑርህ ብለው ገቡና ቆሙ። መሪጌታ ረጅሙን ወንበር አዩት። ከታች ወደ ላይ አዩት። በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

“ይህ ምንድን ነው?” አሉ።

“መቀመጫ ነው፣ መሪጌታ።”

“ቆጥ መስሎኝ ነው። እኔ ዶሮ ነኝ እንዴ?”

አቶ ጎሹ ሳቁን በሳል ሸፈነው። “ኧረ ይውጡ፣ ይመቻል” አልሁ። መሪጌታ ግን ወደ እኔ ተመለከቱ። “እርስዎ ቆመው እኛ እንዴት እንቀመጣለን?” አሉ።

“እኔ ቆሜ ነው የማስተናግዳችሁ።”

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። በአገራችን የቤቱ ጌታ ቆሞ እንግዳ አይቀመጥም። ሽማግሌ ደግሞ ለልመና መጥቶ አልቀመጥም ካለ፣ መልስ ሳልይዝ አልሄድም ማለቱ ነው። ስለዚህ እኔ፣ ‘ሊያስገድዱኝ ነው የቆሙት’ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እነሱ ደግሞ፣ ‘ጣውላ በመካከላችን አድርጎ እንደ ዘበኛ የቆመብን ሊከለክለን ነው’ አሉ። አረቄ ቀዳሁ፤ የነካው የለም። እኔ ቆሜ፣ እነሱ ቆመው፣ አረቄው ብቻ ተቀምጦ። ዝምተኛው ሽማግሌ ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ወለሉ ይንቋቋል። የጓዳው መጋረጃ በስተኋላው ሰው ሲተነፍስ ይንቀሳቀሳል።

መሪጌታ አማትበው ጀመሩ። የልጁን ዘር ቆጠሩ፣ ጠባዩን ተናገሩ፣ “ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል” አሉ። ጥሩ ንግግር ነበር። እኔም ያጠናሁትን አወጣሁ። “ቤተ ዘመድ ሳላማክር የምለው የለኝም። ሌላ ቀን ተመለሱ።” ተቀምጬ ብናገረው ለስላሳ ቃል ነበር። ቆሜ፣ ከዚያ ሁሉ ዋንዛ ጀርባ ስናገረው ግን ለራሴም ጆሮ እንደ ፋብሪካ በር ተዘጋ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። “እንግዲህ ሰምተናል” አሉ በዝግታ። “እህል ውኃ አላለውም። ጎሹ፣ እንሂድ፤ ታንኳው ይጠብቀናል።” ዞሩ። መጋረጃው ኋላ የልጄን ሲቃ ሰማሁ። በሕይወቴ ብዙ ማሽን ቆሞብኛል፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን መላ አጥቼ አላውቅም።

መጋረጃው ተገለጠና ይታይሽ ወጣች። “አንተ ሰውዬ! ከዚያ ሳጥን ውስጥ ውጣ! ሰዎቹ ሊሄዱ ነው!”

ልወጣ መከደኛውን ገፋሁት። አይነሳም። በሁለት እጄ ገፋሁት። ቫርኒሹ ከነማጠፊያው ይዞታል። “ግፋው!” ትላለች ይታይሽ። “እየገፋሁ ነው!” “ነግሬህ ነበር!” “አሁን ጊዜው ነው?” መሪጌታ ደጃፉ ላይ ናቸው፤ አንድ እግራቸው ውጭ ነው። በላይ መዝለል የማይሆን ነው፤ ከፍታውን የለካሁት እኔ ነኝ። የቀረው በታች ነው። ሸሚዜን፣ ክብሬን፣ ሁሉንም ትቼ ተንበረከክሁና በመከደኛው ሥር በአራት እግሬ እየዳህሁ ወጣሁ። ቀና ስል ከመሪጌታ ፈንቴ እግር ሥር ነኝ።

ለማኞቹ እነሱ ናቸው። የሚንበረከክ ካለ መንበርከክ ያለበት የልጁ ወገን ነው። የሴት ልጅ አባት ከሽማግሌ እግር ሥር ተንበርክኮ የታየበት አገር የለም። መሪጌታ ዞረው ሲያዩኝ ደነገጡ፤ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። “ኧረ በሥላሴ! ኧረ ይነሱ! ኧረ ምን ጉድ ነው!” ብለው እሳቸውም ተንበረከኩ። አቶ ጎሹ ሁለታችንን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሚዛኑን ስቶ ከጎናችን ተቀመጠ። ዝምተኛው ሽማግሌ እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሰም ነበር። “ይኸው፣ ተቀመጥን” አለ።

ቀድመው የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ጋቢያቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጉልበቴ ላይ የተጣበቀውን ሰጋቱራ እያራገፉልኝ፣ “እርስዎ እኮ እንቢ ያሉን መስሎኝ!” አሉ።

“እኔ ደግሞ ልታስገድዱኝ የቆማችሁ መስሎኝ!”

ይታይሽ በርጩማዎቹን ከጓዳ አወጣች። ውባለም ዓይኗን ጠርጋ እንጀራውን ይዛ መጣች። ቁጭ ብለን በላን። ልጄን አየኋት፤ ሳህኑን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። ቀጠሮ የሚለው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰው ከመሬት አንስተውት፣ አቧራውን አራግፈውለት፣ ሌላ ቀን ኑ ይላል? “ሰጥቻለሁ” አልሁ። ከጓዳ እልልታ ተሰማ፤ ይታይሽ ናት፤ ጠርሙስ የከፈተችውም እሷው ናት። መሪጌታ ሲመርቁ፣ “ሰጪም ተቀባይም የተንበረከከበት ጋብቻ አይፈርስም” አሉ። ሐይቁ ዳር ታንኳው ዘንድ ሲጠብቅ የዋለው ስንሻው ወሬውን ከአቶ ጎሹ አፍ ሙሉውን ሰማ፤ ፈገግታዋም ያን ቀን ተወለደች።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ መጋዝ ይዤ ገባሁ። የባንኮኒውን እግር ቆረጥሁት፤ የወንበሮቹንም ቆረጥሁ። አንደኛው ማዕዘን ትንሽ ዝቅ ስላለ ብርሌ ሁሉ ጎድጓዳው ውስጥ ካልተቀመጠ ወደ ይታይሽ በኩል ይሸሻል። መከደኛውን ነቅዬ የዶሮ ቤት በር አደረግሁት። እዚያ ባንኮኒ ላይ ልጆቼ አጠኑ፣ ውባለም የመጀመሪያ ልጇን አስተኛችበት፣ ጓደኞቼም ደመወዝ በወጣ ቀን አንዳንዴ ይመጡና ተቀምጠው፣ አንድ ሁለት ብለው፣ በጊዜ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። የባሕር ዳርን ወንድ ሁሉ አላዳነም። ሦስት አራቱን ግን በጊዜ ወደ ቤቱ መልሷል፤ ይህን በሐሰት አልናገርም።

ምክር እወዳለሁና አንድ ልበል። ቤትህ የመጣን ሰው ቁልቁል አትየው። ሥርዓትህ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ሰው ሊቀመጥበት ካልቻለ ሥርዓት አይደለም። ይህን መጽሐፍ አላስተማረኝም፤ ጉልበቴ ነው ያስተማረኝ።

እንግዲህ ፔዳ፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ወጣቱ አናጢ ሜትሩን እንደያዘ ይጠብቀኛል። ስንሻው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ “አባባ፣ የቸኮልሁት በምክንያት ነው” አለኝ። “ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ለሴት ልጄ።” ቀና ብዬ አየሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። በደጃችን ደወል የሚደውለው ልጅ እሱ ነበር፤ አሁን ፊትን እንደ መጽሐፍ የመዝጋት ተራው የእሱ ሆነ።

“ያቺን በርጩማ አምጣ” አልሁት አናጢውን። “ተቀመጥባት። ክርንህን እጠፍ። አሁን ክርንህ ካለበት ትንሽ ዝቅ አድርገህ ምልክት አድርግ። ከፍታው እሱ ነው።”

አናጢው ያደረገውን ምልክት አየው። “ኧረ አባባ፣ ይኸማ ጠረጴዛ ነው!”

“ባለቤቴም እንዲሁ ብላኝ ነበር” አልሁ።

ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈ። ከዚያ እርሳሱን አንስቶ፣ “እሺ፣ መግቢያው ላይ ደግሞ የሚነሳና የሚከደን ጣውላ ልግጠምበት? በጣም ያምራል” አለ።

“አይሆንም!” አልን፣ እኔና አማቼ፣ በአንድ አፍ።